ከቡሄ እስከ መኸር፦ የእጅ አንጓው ለታመመ ልጄ

ልጄ፣ እጅህ እንዴት ሆነ? እናትህ እንደነገረችኝ ከቡሄ ወዲህ ቀኝ እጅህ እንደ ልብህ አይታዘዝልህም። ጅራፍ ስታጮህ ነው የጀመረህ አሉ። አንተ ግን የጠየቅኸኝ ስለ አንጓህ አይደለም። «ክንዴ እየቀጠነ ነው፤ አንጓዬን ሳልነካ ክንዴን ብቻ ማሠራት እችላለሁ ወይ?» ነው ያልከኝ። ጥያቄህ ጥሩ ነው። ሰነፍ ልጅ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። መልሱን ግን ሳትቸኩል ስማኝ።

ክንድህን ከአንጓህ ለይተህ ማሠራት አትችልም። ከክርንህ እስከ አንጓህ 20 ያህል ጡንቻዎች አሉ። የአብዛኞቹ ጅማት አንጓህን ተሻግሮ ነው መዳፍህና ጣቶችህ ላይ የሚያርፈው። ጣቶችህ ውስጥ ጡንቻ የለም። የሚታጠፉት ክንድህ ላይ ያለው ጡንቻ በጅማት ሲስባቸው ነው። በመዳፍህ በኩል ብቻ 9 ጅማቶች ከአንድ ነርቭ ጋር በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ። ብርጭቆ ስትጨብጥ እንኳ በእጅህ ጀርባ ያሉት ጅማቶች አንጓህ እንዳይወላገድ ደግፈው ይይዙልሃል። ስለዚህ «ክንዴን ብቻ» የሚባል ሥራ የለም። ክንድህ በሠራ ቁጥር አንጓህ አብሮ ይሠራል። መጠየቅ ያለብህ፣ አንጓዬ ዛሬ ምን ያህል ይችላል ብለህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጡንቻና ጅማት እኩል አይድኑም። ጡንቻ ደም በደንብ ይደርሰዋል፤ ቶሎ ይደክማል፣ ቶሎም ያገግማል። ጅማት የሚደርሰው ደም ጥቂት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፣ ይሞቃል። በሚቀጥሉት ሳምንታት አዲስ ክር ይሠራል፤ ያ ክር ግን ገና የተዘበራረቀ ነው። ክሩ መልክ ይዞ እስኪጠነክር ወራት ይፈጅበታል። አንዳንዱ ዓመት ይፈጃል።

ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ ይቀንሳል። ጡንቻው ብርታት ይሰማዋል። ልጁም ዳንኩ ይላል። ያን ጊዜ ብረቱን እንደ ድሮው ያነሳል። ጡንቻው ይችላል፣ ጅማቱ ግን ገና ነው። በማግስቱ አንጓው ያብጣል፣ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል። እንዲህ ሁለቴ ሦስቴ የተመላለሰበት ጅማት ሥር የሰደደ ሕመም ይይዘዋል። ያኔ ጀሪካን ማንሳት፣ በር መክፈት፣ እርሳስ መያዝ እንኳ ያስቸግራል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። አስቀድሞ እጅህን የጤና ባለሙያ ይየው። ሆስፒታሉ እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብህ ነው። እኔ የስፖርት መምህር ነበርኩ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። «ወለምታ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ቀላል ነው፤ ሁሉም ሕመም ግን ወለምታ አይደለም።

ወድቀህ በመዳፍህ ተደግፈህ ከነበረ፣ በአውራ ጣትህ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ስትነካት የምታምህ ከሆነ፣ ከስምንቱ የአንጓ አጥንቶች አንዷ ተሰብራ ሊሆን ይችላል። ይህች አጥንት በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ሳትታይ ልትቀር ትችላለች። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ራጁ ሊደገም ይገባል። ችላ ከተባለች ሳትገጥም ትቀራለች። እጅህ ቋ ብሎ ከነበረ፣ አንዱ ጣትህ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ካለህ፣ ጣቶችህ ከደነዘዙ፣ ወይም አንጓህ ቀልቶ ትኩሳት ከመጣብህ፣ ነገ ሳትል ዛሬውኑ ሂድ። አንጓው በማጭድ ወይም በጠርሙስ የተቆረጠ ሰው ደግሞ ይህን ምክሬን አይከተል። የተበጠሰ ጅማት ከተሰፋ በኋላ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ያን የሚመራው ያከመው ሐኪም ነው።

ሕመምህ በአውራ ጣትህ በኩል ከሆነ፣ ጅራፉ መልሶ ሲፈነጥቅ የሚጎተቱት ጅማቶች ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህ ሁለት ጅማቶች አንድ ጠባብ ሽፋን ውስጥ ያልፋሉ። ሽፋኑ ሲያብጥ አውራ ጣትህን ባንቀሳቀስክ ቁጥር ያምሃል። ፍሪትዝ ደ ኬርቫን የተባለ የስዊስ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ስለዚህ ሕመም ጽፏል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ጅራፍ የማያውቁ ሰዎችም ይይዛቸዋል። ሕፃን ደጋግመው የሚያነሱ እናቶችን በብዛት ይይዛቸዋል። ስለዚህ አትፈር። ከልክ በላይ የተደጋገመ ሥራ ያመጣው ነገር ነው።

እናትህ ወጌሻ ዘንድ ልውሰደው ብላለች። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ብዙ ሰው በእጃቸው ድኗል። ሁለት ነገር ግን እፈራለሁ። አንደኛው መታሸት ነው። ያበጠና የሚሞቅ ጅማት በቅቤ ጠንክሮ ሲታሽ ይብስበታል። ሁለተኛው በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ነው። አጥብቆ የታሰረ እጅ ደም ይቋረጥበታል። በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች በአገራችን አሉ። ታስረህ ጣቶችህ ቢቀዘቅዙ፣ ቢጠቁሩ ወይም ቢደነዝዙ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ፍታው።

አጎትህ ደግሞ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሂድ ብሎሃል። ሂድ፣ አልከለክልህም። ደራ ወርደህ በጉማራ ወንዝ በኩል ስትደርስ ከየአገሩ የመጣ መገጣጠሚያው የታመመ ሰው ታገኛለህ። እብጠቱና ሙቀቱ ካለፈ በኋላ የሞቀ ውኃ ይጠቅምሃል። የደረቀውን ያላላል፣ ሕመሙን ያስታግሣል፣ ጣቶችህን ለማንቀሳቀስ ይረዳሃል። አንድ ነገር ግን ልብ አድርግ። ሙቀት ሕመምን ያስተኛል እንጂ የጅማትን ክር በአንድ ሳምንት አይሠራም። ከፍል ውኃው ስትወጣ እጅህ ቀልሎህ ይሆናል። በዚያ ቀን ነው ጓደኞችህ «እስቲ ክንድ እንጋጠም» የሚሉህ። እንቢ በላቸው። አንጓህ የቀለለህ ቀን በጣም የምትጠነቀቅበት ቀን ነው።

ስለ መድኃኒትም አንድ ሁለት ልበልህ። ማስታገሻ ውጠህ ብረት አታንሳ። ሕመሙ «ይበቃሃል» የሚልህ ወዳጅህ ነው፤ አፉን ዘግተህ አትሥራ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሲበዙ ጨጓራን ይልጣሉ። እብጠት የሚያጠፋ መርፌ ከተሰጠህም፣ መርፌው ሲደጋገም ጅማትን ሊያደክም እንደሚችል እወቅ። ደግሞ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሰው በየቤቱ ከመሳቢያ እያወጣ ሲውጠው አያለሁ። ይህ ዓይነት መድኃኒት ጅማትን እስከ መበጠስ ሊያደርስ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 በጥብቅ ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው። ሐኪም ሲያዝልህ ጅማትህ እንደታመመ ንገረው።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልምጣ። አርፈህ ተኛ አልልህም። ፈጽሞ የተተወ ጅማትም ይደክማል። ጅማት ልክ ያለው ሥራ ይፈልጋል። ከዛሬ እስከ መኸር ሦስት ወር ያህል አለህ። በሦስት ከፍለን እንየው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስታውስህ። የአገርህን ታሪክ ታውቃለህ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ያን ያህል ጊዜ የፈጀው ጉልበት ጠፍቶ አይደለም። መንገድ አልነበረም። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ያስጠርጉ ነበር፤ መድፉም የተጠረገውን ያህል ብቻ ይሄድ ነበር። አንተም እንዲሁ ነህ። ጅማትህ የቻለውን ያህል ብቻ ነው ክብደቱ የሚጨመረው።

መስከረም የጭምት ሥራ ወር ይሁንልህ። ክንድህን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው። መዳፍህ ወደ ታች ይሁን። በግራ እጅህ የቀኝ እጅህን ጀርባ ተጫነው። አሁን ቀኝህ ወደ ላይ ይግፋ፣ ግራህም አይልቀቀው። እጅህ ከቦታው አይነቃነቅ። በግማሽ ጉልበትህ ብቻ ግፋ። እስከ 30 ቁጠርና አሳርፈው። አራት አምስት ጊዜ ድገመው። ከዚያ መዳፍህን ወደ ላይ አዙረህ ያንኑ አድርግ። ተመልካች ቢያይህ ምንም የምትሠራ አይመስለውም። ጡንቻህ ግን ይሠራል፣ ጅማትህም ሳይታሽ ሸክም ይለምዳል። ጣቶችህን ቀስ ብለህ ጨብጥ፣ ዘርጋ። ክርንህንና ትከሻህንም አታድርቃቸው።

ጥቅምት የዝግታ ወር ይሁን። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ሙላ፤ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። ተቀምጠህ ክንድህን ጭንህ ላይ አሳርፍ፣ እጅህ ከጉልበትህ አልፎ ይንጠልጠል። መዳፍህ ወደ ታች ሆኖ፣ በግራህ እየረዳህ ጠርሙሱን አንሳው። ሲወርድ ግን ቀኝህ ብቻውን ያውርደው፤ እስከ 4 እየቆጠርክ። 15 ጊዜ አድርገህ አሳርፍ። ሦስት ዙር ይበቃሃል። ቀን እየዘለልክ አድርገው። ይህ ቀስ ብሎ ማውረድ ከንቱ ነገር አይደለም። ሆካን አልፍሬድሰን የተባለ የስዊድን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናት፣ የተረከዝ ጅማታቸው የታመመ 15 ሯጮችን ለ12 ሳምንት ክብደት በቀስታ እንዲያወርዱ አድርጎ ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል። ተረከዝ ከአንጓ ይለያል፤ ቢሆንም ጅማት በልኩ ሲሠራ እንደሚጠነክር ከዚያ ትማራለህ።

መዶሻም ይጠቅምሃል። እጀታውን ከብረቱ አጠገብ ያዘው፣ እንዲቀልልህ። ክርንህን ከጎንህ አጣብቀህ መዳፍህን ቀስ ብለህ ወደ ላይ፣ ቀስ ብለህ ወደ ታች አዙረው። ስትጠነክር ከብረቱ ራቅ አድርገህ ያዘው። የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ካገኘህም በጣቶችህ ላይ አጥልቀህ ጣቶችህን ወደ ውጭ ዘርጋ። ሰው ሁሉ መጨበጡን ብቻ ያሠራል፤ የሚዘረጋውን ይረሳል። አንጓን ደግፈው የሚይዙት ግን የተረሱት ናቸው።

ኅዳር ሲገባ ወደ መጨበጥ ሂድ። እርጥብ ፎጣ ጭመቅ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ግማሹን ሞልተህ አንጓህን ቀጥ አድርገህ ይዘህ ተራመድ። ቀስ በቀስ ሙላው። ያ ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተህ በቧንቧ የሠራኸው ክብደት ማንሻህ እስከዚያ ግድግዳ ጥግ ይቀመጥልህ። ወደ እርሱ ስትመለስም ከድሮው ግማሽ ጀምር። ፑሽ አፕ ስትሠራ መዳፍህን መሬት ላይ አጥፈህ አትጫነው፤ አንጓህ ቀጥ እንዲል እጀታ ያለው ነገር ጨብጠህ ሥራ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጨምር። ክብደት ከጨመርክ ቁጥሩን አትጨምር። ቁጥሩን ከጨመርክ ክብደቱን ተው።

ወሮቹን የነገርኩህ እንዲያመችህ ነው። ዳኛው ግን የቀን መቁጠሪያው አይደለም። ዳኛህ የማግስቱ ጠዋት ነው። ስትሠራ ጥቂት ቢያምህ አትደንግጥ። ከአስር ሦስት ያህል የሚሆን ሕመም ይታለፋል። በማግስቱ ስትነሳ እንደ ትናንቱ ከሆንክ በያዝከው ቀጥል። ጠዋት ላይ ከትናንቱ ከባሰህ፣ ከደረቀ ወይም ካበጠ፣ አብዝተሃል ማለት ነው። ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ተመለስ። መመለስ ሽንፈት አይደለም። በጥቅምት ገና የመስከረሙን ሥራ ብትሠራ ማንም አይፈርድብህም።

ክንዴ ቀጠነ ያልከውንም አልረሳሁትም። ግራህን አሠራው። ጤነኛው ክንድ ሲሠራ የታመመውም ከጉልበቱ ጥቂት ይተርፍለታል። ነገሩ እንግዳ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። ኤድዋርድ ስክሪፕቸር የተባለ የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1894 ይህንኑ ጽፏል፤ ከዚያ ወዲህም ብዙዎች ፈትነው አረጋግጠውታል። ምክንያቱ አዕምሮ ነው። ለአንዱ እጅ ያስተማረውን ለሌላውም በጥቂቱ ያካፍላል። እግርህና ወገብህም ጤነኞች ናቸው። ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ያለውን ዳገት ውጣበት። አንጓህ ታመመ ብለህ ሰውነትህን በሙሉ አታስተኛው።

ጥቂት ልማዶችን ደግሞ ተው። ስልክህን በአውራ ጣትህ ስትጎረጉር አታምሽ። ሲጋራ ከጀመርክ አቁም፤ የጅማትን መዳን ያዘገያል። ደግሞ በየሰዓቱ «ሕመሙ አለ ወይስ የለም» እያልክ አንጓህን እያጠፍክ አትፈትነው። የሚያየኝ የለም ብለህ እንደምታደርገው አውቃለሁ። ቁስል በየሰዓቱ ሲነካ አይጠግግም። በጾምም ሆነ በፍስክ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው አይጉደልብህ፤ ቃሪያና ብርቱካን ካገኘህም ብላ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካገኘህ ደግሞ እኔን ትተህ እርሱን ስማ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ሙያ ያስተምራል፤ አንድ ቀን ሄደህ ብትታይ መንገዱ አይቆጭህም።

ትዕግሥት የሰነፍ ነው የሚሉህ ጓደኞች አሉህ። ቀነኒሳ በቀለን አስብ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተረከዝ ጅማቱ ታሞ ከለንደን ማራቶን ቀረ። ያን ያህል ስም ያለው ሯጭ ቤቱ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ለንደን ላይ ሦስተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት በመስከረም በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ እዚያው በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጠ፤ ያኔ በነበረው የዓለም ክብረ ወሰን ላይ ለመድረስ 2 ሰከንድ ብቻ ቀረው። ጅማቱ ታሞ በነበረበት ዓመት እልህ ይዞት ቢሮጥ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላየን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ልጄ፣ ዘንድሮ ፎገራ ወርደህ ሩዝ ለማጨድ እንዳሰብክ ሰምቻለሁ። ገንዘቡ እንደሚያስፈልግህ አውቃለሁ። ማጭድ ግን ቀኑን ሙሉ አንጓን ያጣምማል፤ ገና ክሩ ያልጠነከረ ጅማት ያን አይችልም። ለጥቂት ቀን ዋጋ ብለህ የዕድሜ ልክ እጅህን አትሽጥ። የአባትህ አውድማ ላይ በግራ እጅህ በሬ ንዳ፣ አጨዳውን ለወንድሞችህ ተው። ለከርሞ ትወርዳለህ። አንተ የያዝከውን የማትለቅ ልጅ እንደሆንክ ከትንሽነትህ አውቅሃለሁ። ያንኑ ጽናትህን ዘንድሮ በጠርሙሷ ላይ አሳየኝ። ነገ ሆስፒታል ሂድ፣ ከዚያም የተባልከውን ንገረኝ። እግዚአብሔር ይማርህ።